«ሠዓሊ» የሚለው ቃልና የቪዲዮ ፍለጋ

ቀደም ባለው ጊዜ የአንድ ሠዓሊ ሥራ ከሩቅ ተመልካች ዘንድ ይደርስ የነበረው በዐውደ ርእይ ወይም በመጽሐፍ አማካይነት ነበር። ዛሬ ግን በጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ የሚኖር ወጣት ከተለመደው ወጣ ያለ ሥራ የሚሠሩ ጥበበኞችን በኢንተርኔት ቪዲዮ ለማየት ይችላል፤ የወገዳ ሠዓሊም ሥራውን በዚያው መንገድ ሊያሳይ ይችላል። ይሁን እንጂ ፈላጊና ተፈላጊ የሚገናኙት በቃል ነው። የቪዲዮው አርእስትና ተመልካቹ የሚጽፈው ቃል ካልተገጣጠሙ፣ ሥራው እያለ እንደሌለ ይቆጠራል። ስለሆነም ጉዳዩ መዝገበ ቃላት አዘጋጆችንና ተርጓሚዎችን በቀጥታ ይመለከታል።

በመጀመሪያ የአጻጻፉን ነገር እንመልከት። በግዕዝ «ሠዐለ» ማለት ሣለ ሲሆን «ሰአለ» ማለት ለመነ፣ ጠየቀ ነው። «ሥዕል» ከፊተኛው፣ «ስእለት» ከኋለኛው ይወጣሉ። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ግን «ሠዓሊ» የሚለው ቃል በሠና በሰ፣ እንዲሁም በዓ፣ በዐ፣ በአና በኣ እየተለዋወጠ በስምንት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። አንባቢ ከዐውዱ ተነሥቶ ይረዳዋል። በሌላ በኩል የግዕዝ ፊደል በ1999 (እ.ኤ.አ.) በዩኒኮድ ሲካተት እያንዳንዱ ሆሄ የየራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ በመሆኑም ሞክሼ ሆሄያትን አንድ አድርጎ እንዲያይ ያልተዘጋጀ የፍለጋ መሣሪያ «ሠዓሊ»ንና «ሰአሊ»ን ዝምድና እንደሌላቸው ቃላት ይቆጥራቸዋል።

ሁለተኛው የትርጉም ስፋት ነው። በ1968 (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ የተወለደው ኤልያስ ስሜ የኤሌክትሪክ ሽቦና የተጣሉ የኮምፒዩተር ክፍሎችን እየጎነጎነና እየገጣጠመ ሰፋፊ ሥራዎችን ይሠራል። ይህን «ሣለ» ብሎ መተርጎም ያሳስታል፤ «ቀረጸ» ማለትም አይበቃውም። ሆኖም አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም፤ ጎነጎነ፣ ሸረበ፣ ሰፋ፣ ጠለፈ የሚሉት ግሦች በስፌትና በጥልፍ ሙያተኞች አፍ ይገኛሉና።

ሌላው ምሳሌ ለወገዳ የቀረበ ነው። ጋይንት ይገኝበት በነበረው በበጌምድር በ1939 (እ.ኤ.አ.) የተወለደው ጌዴዎን ከጠልሰም ባህል ተነሥቶ በወረቀት ላይ ረቂቅ ሥራዎችን ትቷል። ጠልሰም ከግሪክ ወደ ዐረብኛ፣ ከዚያም ወደ እኛ የገባ ቃል ሲሆን የሚያመለክተው ምስሉን ነው፤ ክታብ ግን የሚያዘው ወይም የሚታሰረው ጽሑፍ ነው። ተርጓሚው ሁለቱን ደባልቆ «ክታብ» ወይም «የአስማት ሥዕል» ብሎ ካለፈ፣ ጥበቡ የራሱን ስም ያጣል፤ በስሙ የሚፈልገውም ሰው አያገኘውም።

ሦስተኛው የቅጽል ምርጫ ነው። ከልማድ የወጣ ጥበበኛን «አፈንጋጭ» ማለት ነቀፋ አለበት፤ ቃሉ ከመንጋው ተለይቶ የሚሄደውን ያሳስባልና። «ፈጣሪ»ም በአማርኛ በይበልጥ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ስም በመሆኑ በአርእስት ላይ ብቻውን ሲውል ያደናግራል። «በአሠራሩ አዲስ»፣ «ብልሃተኛ» ወይም «ያልተለመደ አሠራር ያለው» ማለት ከነቀፋም ከመደናገርም ያድናል።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። በአርእስት ላይ ሥርወ ቃሉን የጠበቀው «ሠዓሊ» ይጻፍ፤ በመግለጫው ውስጥ ግን ሕዝብ የሚያዘወትራቸው ሌሎች አጻጻፎች ይታከሉ። ከጥቅል ስም ይልቅ የአሠራሩ ስም ይቅደም። ከሁሉም በላይ ተርጓሚው ቃል ከመምረጡ በፊት ሠሪው ራሱ ሥራውን ምን ብሎ እንደሚጠራው ይጠይቅ። በስማዳ ገጠር በአንዲት ስፌተኛ አፍ ብቻ የሚነገር ቃል በቪዲዮው መግለጫ ከተመዘገበ፣ ሥራዋም ቃሉም ከመጥፋት ይድናሉ።