ድመት ስንት ዓመት ትኖራለች? ተረትና እውነታ

በእስራኤሏ ከተማ ፔታህ ቲክቫ ውስጥ ድመት የማይታይበት መንገድ ማግኘት ያስቸግራል። ከጎንደር ገጠር የመጡ እናቶችና አባቶች ድመትን የሚያውቋት ጎተራ ከአይጥ ስትጠብቅ ነው። እዚህ የተወለዱት ልጆች ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ያሳድጓታል፣ ያስከትቧታል፣ ስም ያወጡላታል። አኗኗሯ ሲለወጥ ዕድሜዋም ረዝሟል፤ ስለ ዕድሜዋ የምናወራው ግን ባለበት አለ።

ተረት፦ ድመት አምስት ስድስት ዓመት ከኖረች ይበቃታል።
እውነታ፦ አባባሉ መነሻ አለው፤ ደጅ የተወለዱ ግልገሎች ብዙዎቹ አያድጉም። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ከተከታተላቸው 169 ግልገሎች 75 በመቶዎቹ ስድስት ወር ሳይሞላቸው ሞተዋል ወይም ጠፍተዋል። ባለቤት ያላት ድመት ዕድሏ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የብሪታንያ ጥናት አማካይ ዕድሜያቸውን 11.74 ዓመት አድርሶታል፤ ሴቶቹ ወንዶቹን ከአንድ ዓመት በላይ ይበልጣሉ። በደንብ የተያዘች ድመት 15 ዓመት ብታልፍ አይገርምም። የቴክሳሷ ክሬም ፓፍ ከ1967 እስከ 2005 ድረስ 38 ዓመት ኖራ የጊነስን ክብረ ወሰን ይዛለች።

ተረት፦ በውድ የተገዛች ባለ ዘር ድመት ከመንገድ ከተነሳችው የበለጠ ትኖራለች።
እውነታ፦ እንደ ዘሩ ነው። በዚያው የብሪታንያ ጥናት የበርማ ዝርያ ከ14 ዓመት ሲያልፍ፣ ፀጉር አልባው ስፊንክስ ሰባት እንኳ አልሞላም። ዘራቸው የተደባለቀው ወደ 12 ተጠግተዋል።

ተረት፦ ዘጠኝ ነፍስ ስላላት ከፎቅ ብትወድቅም አትሞትም።
እውነታ፦ ድመት አየር ላይ ተገልብጣ በእግሯ ታርፋለች፤ ደረቷና አጥንቷ ግን ይጎዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ የኒውዮርክ ጥናት ከፎቅ ከወደቁ 132 ድመቶች 90 በመቶ ያህሉ መትረፋቸውን ዘግቧል። ቁጥሩ ሐኪም ዘንድ የደረሱትን ብቻ እንደሚመለከት ብዙ ሰው ይዘነጋል፤ መሬት ላይ የቀሩት አልተቆጠሩም። የትንኝ ወንፊት የድመት ክብደት አይችልምና መስኮትና በረንዳ ጠንካራ መረብ ያስፈልጋቸዋል።

ተረት፦ ሳትወልድ ማምከን ዕድሜዋን ያሳጥራል።
እውነታ፦ እንዲያውም ያረዝመዋል። የድመት የጡት ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ አደገኛ ካንሰር ነው፤ ስድስት ወር ሳይሞላት የመከነች ድመት ግን ስጋቷ በ90 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ወንዱም ከመከነ በኋላ ጠቡን ስለሚቀንስ፣ በንክሻ ከሚተላለፉ በሽታዎች ይጠበቃል። መንገድ ላይ የጆሮዋ ጫፍ የተቆረጠ ድመት ብታዩ ሰው አሠቃይቷት አይደለም፤ መምከኗን ለማሳወቅ ደንዝዛ ሳለች የተደረገ ምልክት ነው። መጠንቀቅ የሚገባው ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ውፍረት ነው፤ ለስኳር በሽታ ያጋልጣታል።

ተረት፦ ከማዕድ የተረፈ ወጥና ትንሽ ወተት ይበቃታል።
እውነታ፦ ወጣችን ያለ ቀይና ነጭ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሁለቱም ቢበስሉም እንኳ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ወተት አብዛኞቹን ያደጉ ድመቶች ያስቀምጣቸዋል። የውሻ ምግብም አይተካላትም። ድመት ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ከምግቧ ማግኘት አለባት፤ ሲጎድላት ዐይኗና ልቧ ይታመማሉ። ከሁሉ የከፋው አካሞል ነው፦ ለሰው ትኩሳት የሚዋጠውን ይህን ፓራሲታሞል የድመት ጉበት ማስወገድ ስለማይችል አንድ እንክብል ሊገድላት ይችላል።

ተረት፦ ያረጀች ድመት መክሳቷ የዕድሜ ነው፤ ስትታመም ደግሞ ጾማ ይሻላታል።
እውነታ፦ ክብደት መቀነስና ውሃ ማብዛት የኩላሊት ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። እየበላች የምትከሳ ከሆነ የታይሮይድ ሆርሞኗ በዝቶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በደም ምርመራ ይታወቃሉ፤ ታይሮይዱ በመድኃኒት ይገታል፣ የኩላሊቱ ሕመም ባይድንም በተለየ ምግብ ዕድሜ ይገኝበታል። ሁለት ሦስት ቀን ምንም ያልቀመሰች ድመት፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ልትሞት ስለምትችል መጠበቅ አያዋጣም።

ሐኪሞች የድመትን ዕድሜ ወደ ሰው ሲመነዝሩ የመጀመሪያውን ዓመት 15፣ የሁለቱን ዓመት ድምር 24 አድርገው፣ ከዚያ ለየዓመቱ አራት ይጨምራሉ። የአሥር ዓመት ድመት እንግዲህ የ56 ዓመት ሰው ናት ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ በየስድስት ወሩ ሐኪም ሊያያት ይገባል። በመሃሉ፣ ቤት ባለው ሚዛን ላይ ድመቷን ታቅፎ መመዘን፣ ቀጥሎም የራስን ክብደት መቀነስ ነው። አራት ኪሎ የነበረች ድመት ግማሽ ኪሎ ከጎደላት፣ 64 ኪሎ የሚመዝን ሰው ስምንት ኪሎ እንደ ጎደለው ነውና ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ይውሰዷት።