አንድ ቦታ፣ ሁለት ልኬት

ቤት ገዢ ደላላውን አስቀድሞ የሚጠይቀው «ካርታ አለው ወይ?» ብሎ ነው። ቀጥሎ ሊጠይቅ የሚገባው ግን በካርታው ላይ ያሉት የማዕዘን ቁጥሮች በየትኛው የልኬት መነሻ እንደተሠሩ ነው።

በአገራችን ሁለት መነሻዎች ጎን ለጎን ሲሠራባቸው ቆይቷል። የቀድሞው የካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ያዘጋጃቸው ባለ 1፡50,000 ካርታዎች የተመሠረቱት «አዲንዳን» በተባለው መነሻ ላይ ነው። ጂፒኤስና የእጅ ስልክ የሚሰጡት ቁጥር ደግሞ በ«ደብሊው ጂ ኤስ 84» ነው። የሁለቱ ልዩነት እዚህ አገር ከ200 ሜትር ይበልጣል። ቁጥሩ ሳይሰላ እንዲሁ ከተገለበጠ ቦታው በወረቀት ላይ ሌላ ሰፈር ያርፋል።

መዘዙ የሚመጣው መሥሪያ ቤቶች መረጃ ሲቀባበሉ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በአንዱ፣ መንገድ ሠሪው በሌላው ቢለኩ፣ መንገዱ የማይደርስበት ቤት «ይፈርሳል» ይባላል፤ ካሳ የሚገባው ደግሞ ይዘለላል። ባንክም መያዣ አድርጎ የያዘው የትኛውን ቦታ እንደሆነ ያጠራጥረዋል።

የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ወጥቷል። ምዝገባው ለገበያው ዋስትና የሚሆነው ግን ውኃው፣ መብራቱ፣ መንገዱና ግብር ሰብሳቢው አንድ መነሻና አንድ የይዞታ መለያ ቁጥር ሲጠቀሙ ነው። የመቀየሪያው ሒሳብ የታወቀ ነው፤ ቢያንስ እያንዳንዱ ሰነድ መነሻውን በአንድ መስመር ይግለጽ።

እስከዚያው ገዢም ሆነ አበዳሪ ውል ከመፈረሙ በፊት ቀያሽ ይዞ ማዕዘኖቹን መሬት ላይ ቢያስለካ ይበጀዋል።