ንብረት የሚያጠፉ የዱር እንስሳትን ስለመከላከል ሕጉ ምን ይላል?

በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ ጅብ ከአንድ ነዋሪ ግቢ በግ ቢነጥቅ፣ በሰሜን ተራሮች ዙሪያም ጭላዳ የአርሶ አደሩን ገብስ ቢያወድም፣ አቤቱታው በቅድሚያ የሚቀርበው ለአካባቢው የመንግሥት አካል ነው። ኃላፊዎችና ሠራተኞች የሚሰጡት ምላሽ የነዋሪውን ደኅንነትና የሀገሪቱን የተፈጥሮ ሀብት በአንድነት የሚነካ በመሆኑ፣ የጉዳዩን ሕጋዊ መሠረት ማወቅ ይጠበቅባቸዋል።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 አደን በፈቃድ ብቻ እንዲከናወን ደንግጓል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 163/2000 ወጥቷል፤ በአዋጅ ቁጥር 575/2000ም የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ተቋቁሟል። በመሆኑም አንድ የዱር እንስሳ ጉዳት አድርሷል መባሉ ብቻ ለግለሰብ የመግደል ፈቃድ አይሆንም።

ይሁን እንጂ ሕጉ ሕይወቱ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው ያለ መከላከያ አልተወውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 75 እንደሚያመለክተው፣ የራስን ወይም የሌላን ሰው መብት በቅርብ ከተደቀነ ከባድ አደጋ ለማዳን የተፈጸመ ድርጊት፣ አደጋውን በሌላ መንገድ ማስወገድ የማይቻል ከሆነ አያስቀጣም። በዚህ መሠረት ልጁን ሊነጥቅ የመጣን ጅብ የገደለ አባትና በጉ በተበላ ማግሥት መርዝ የሚያስቀምጥ ሰው በእኩል ዓይን አይታዩም። መርዙ ከጅቡ አልፎ የአካባቢውን ውሾችና ጥንብ አንሣ አሞራዎችም ይፈጃል።

አቤቱታውን የሚቀበለው ሠራተኛ እንስሳው የዱር መሆኑንም ማረጋገጥ አለበት። ጉዳቱን ያደረሰው የሰው ውሻ ከሆነ፣ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 መሠረት ኃላፊነቱ የባለቤቱ ነው። ጅብ ግን በዚህ አንቀጽ የሚጠየቅለት ባለቤት የለውም።

ዘላቂው መፍትሔ የእንስሳውን አመጣጥ ከማወቅ ይጀምራል። በትግራይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ለዚህ አብነት ይሆናል። በዐቢይ ጾም ወቅት የልኳንዳ ቤት ተረፈ ሥጋ ሲቀንስ፣ ጅቦች አህያን ይበልጥ መመገባቸውን ጥናቱ አሳይቷል። በጅቦቹ ዓይነ ምድር ውስጥ የአህያ ጠጉር የመገኘቱ መጠን ከጾሙ በፊት 14.8 በመቶ የነበረ ሲሆን በጾሙ ጊዜ ወደ 33.1 በመቶ ከፍ ብሏል። ይህም ጅብ በሰው ተረፈ ምግብ ላይ ጥገኛ መሆኑን፣ ያን ሲያጣም ወደ ከብት እንደሚያዞር ያመለክታል።

ስለሆነም ጉዳቱ የደረሰበትን ቦታና ሰዓት መመዝገብ፣ ጥንብና የልኳንዳ ተረፈ ምርት በወንዝ ዳርቻ እንዳይጣል መቆጣጠር፣ ከብቶች ሌሊት በጠንካራ በረት እንዲያድሩ ነዋሪውን ማስተማር የአካባቢ አስተዳደሩ ቀዳሚ ሥራዎች ናቸው። በእነዚህ ያልተገታ አደጋ ሲኖር ጉዳዩ ለሚመለከተው የዱር እንስሳት ተቋም መመራት ይኖርበታል። መግደል የመጨረሻው እርምጃ ሲሆን፣ ውሳኔውም ሥልጣን ለተሰጠው አካል ሊተው ይገባል።