አሥራ ሁለቱ ወንበሮች

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ቢራና ወይን በሚሸጥ መደብር ካሸር ሆኖ የሠራ አበሻ የልጅ መንጃ ፈቃድ ከሩቁ ይለያል። የትልቅ ሰው ካርድ አግድም የታተመ ነው፤ 21 ዓመት ላልሞላው ግን በቁም ይታተምለታል። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም እንዲሁ ነው። ዓርብ ማታ ሰልፉ ሲረዝም፣ የትውልድ ዘመን ተሰልቶ ሳያልቅ የካርዱ አቋም ይናገራል። ካሸሩ ሌላም ነገር ያውቃል፤ አንዳንድ ቀን ቢራውን ባንኮኒው ላይ የሚያስቀምጠው ልጅ በፖሊስ የተላከ ነው። "አልሸጥልህም" ከተባለ ልጁ ዕቃውን ትቶ ይወጣል። ከተሸጠለት ግን ቅጣት ይከተላል። ወገኖቻችን ይህን ወጥመድ ቢሉት አልፈርድባቸውም፤ በሰዓት ተከፍሎት የሚሠራ ሰው በአንድ ስህተት ብዙ ያጣል። ቢሆንም ልጁን እዚያ ያደረሰው ሐሳብ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል።

ከእንዲህ ያለ ፍተሻ ጀርባ ከፖሊስ ሌላ ብዙ ጊዜ የአካባቢ ጥምረት አለ። ጥምረቱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም። ወላጆች፣ መምህራን፣ ቄሶችና ፓስተሮች፣ ሐኪሞች፣ ነጋዴዎች፣ ጋዜጠኞችና ፖሊሶች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው የሰፈራቸው ልጆች መጠጥ፣ ትምባሆና ዕፅ የሚያገኙበትን መንገድ የሚመክሩበት ስብስብ ነው። ለብዙዎቹ መሠረት የሆናቸው ገንዘብ የሚመጣው ከፌዴራል መንግሥት ሲሆን፣ ፕሮግራሙ "ድራግ ፍሪ ኮሚዩኒቲስ" ይባላል። የሚመራው በዋይት ሐውስ የዕፅ ቁጥጥር ፖሊሲ ቢሮ ሥር ነው።

ሕጉን ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን የፈረሙት በሰኔ 1997 እ.ኤ.አ. ነው። በተወካዮች ምክር ቤት ያራመዱት የኦሃዮው ሪፐብሊካን ሮብ ፖርትማንና የሚቺጋኑ ዴሞክራት ሳንደር ሌቪን ነበሩ። ፖርትማን ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብለው በከተማቸው በሲንሲናቲ እንዲህ ያለ ጥምረት እንዲመሠረት ረድተው ነበርና፣ ወደ ዋሽንግተን የወሰዱት ሰፈራቸው ውስጥ የሞከሩትን ነው። አንድ ጥምረት በዓመት እስከ 125,000 ዶላር ይሰጠዋል። ጊዜው 5 ዓመት ነው፤ ተወዳድሮ ካሸነፈ ሌላ 5 ዓመት ይጨመርለታል፤ ከ10 ዓመት በላይ ግን የለም። በቅርብ ዓመታት ድጎማውን የሚያገኙት ጥምረቶች ከ700 በላይ ሆነዋል።

ይህ ገንዘብ በአሜሪካ ኑሮ ብዙ አይደለም። ሕንፃ አይሠራበትም፣ ክሊኒክ አይከፈትበትም። ከሁሉ በፊት የሚሸፍነው የአንድ አስተባባሪ ደመወዝ ነው፤ ለእኔ የፕሮግራሙ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ርእሰ መምህሩ በጎ ፈቃድ አለው፣ ጊዜ የለውም። ሸሪፉም እንዲሁ። ሐኪሟ ወደ ስብሰባ ብትጠራ ትመጣለች፣ ስብሰባውን ራሷ ግን አትጠራም። ስልክ የሚደውል፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ፣ ባለፈው ወር ቃል የገባውን ሰው በዚህ ወር የሚያስታውስ አንድ ሰው ሲጠፋ መልካም ሐሳብ ሁሉ በሦስተኛው ስብሰባ ይሞታል። ማኅበር ወይም ዕድር ውስጥ ጸሐፊ ሆኖ ያገለገለ ሰው ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ድጎማው በጥብቅ ሁኔታ የታሰረ ነው። ጥምረቱ ከማመልከቱ በፊት ቢያንስ 6 ወር የሠራ መሆን አለበት፤ መንግሥት ቀድሞ የተሰበሰበውን ያግዛል እንጂ ገንዘብ አሳይቶ አይሰበስብም። በጠረጴዛው ዙሪያ 12 የኅብረተሰብ ክፍሎች መወከል አለባቸው፣ አንድ ሰው ደግሞ ሁለት ወንበር መያዝ አይችልም። ፓስተሩ አባትም ቢሆን የሃይማኖትን ወንበር ከያዘ ለወላጅ ወንበር ሌላ ሰው ይፈለጋል። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ የወጣት ነው፤ ዕድሜው ከ18 ያልዘለለ። ስለ ልጆች በሚመከርበት ቦታ ልጅ ተቀምጦ "ያ የምትሉት እኛ ትምህርት ቤት አይሠራም" ማለት መቻሉን እኔ ከገንዘቡ በላይ ዋጋ እሰጠዋለሁ።

ከዚያ መዋጮው አለ። መንግሥት በሰጠው ልክ ማኅበረሰቡም ማዋጣት አለበት፤ በመጀመሪያዎቹ 6 ዓመታት እኩል በእኩል፣ በ7ኛውና በ8ኛው ዓመት 125 በመቶ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት 150 በመቶ። ሙሉውን 125,000 ዶላር የሚወስድ ጥምረት በ10ኛው ዓመት 187,500 ዶላር የሚያወጣ መዋጮ ያሳያል ማለት ነው። መዋጮው ግን ጥሬ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑ በነፃ የሰጠው አዳራሽ ይተመናል፣ ሬዲዮ ጣቢያው የለቀቀው የአየር ሰዓት ይተመናል፣ በጎ ፈቃደኛው ያጠፋው ሰዓትም በዶላር ተሰልቶ ይመዘገባል። ጎረቤት ለጎረቤት የሚያወጣው ጉልበት ዋጋ ተቆርጦለት በመንግሥት መዝገብ ሲገባ ማየት፣ ወንፈል ለምናውቅ ሰዎች ደስ ይላል። የመዋጮው እያደር መክበድ ድጎማው ሲቆም ጥምረቱ በራሱ እግር እንዲቆም ታስቦ ነው።

ገንዘቡ ምን ያሠራል? ሰው ቶሎ የሚያስበው ተማሪዎችን አዳራሽ ሰብስቦ ማስፈራራትን ነው። የተጨራመተ መኪና ትምህርት ቤት ግቢ አቁሞ ንግግር ማድረግ የአንድ ቀን ድንጋጤ ይፈጥራል፤ በሳምንቱ ልጆቹ ወደነበሩበት ይመለሳሉ። የተሻለው መንገድ ትልልቆቹ ላይ መሥራት ነው። በ1990ዎቹ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲው አሌክሳንደር ዋገናርና ባልደረቦቹ በሚኒሶታና በዊስኮንሲን 15 ማኅበረሰቦችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ በአንደኛው ወገን ነዋሪዎች የመጠጥ ሽያጭንና አቅርቦትን እንዲያጠብቁ አደራጁ። ሻጮች መታወቂያ መጠየቅ ጨመሩ፤ ከ18 እስከ 20 ዓመት ያሉት መጠጥ ለመግዛት መሞከራቸውና ለታናናሾቻቸው ማቀበላቸው ቀነሰ። ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የታየው ለውጥ ግን ደካማ ነበር፤ ሥራው ጊዜ ይፈልጋል።

ምክንያቱም አብዛኛው መጠጥ ለልጆች የሚደርሰው በሱቅ ባንኮኒ በኩል አይደለም። ከቤት ፍሪጅ፣ ከታላቅ ወንድም፣ ወላጅ መንገድ በሄደበት ቀን ከተደገሰ ፓርቲ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጥምረቶች ቤቱን ለልጆች መጠጥ የፈቀደ ትልቅ ሰው እንዲጠየቅ የከተማ ደንብ እንዲወጣ ይወተውታሉ። ወጣቶቹ ራሳቸው ባለመደብሩን አስፈቅደው በቢራ ካርቶን ላይ "ለልጅ ገዝቶ መስጠት ወንጀል ነው" የሚል ተለጣፊ ይለጥፋሉ። ሻጮችና አስተናጋጆች ሥልጠና ያገኛሉ፤ ካሸሩ "አልሸጥም" የሚለውን ያለ ጠብ እንዲናገር የሚረዳውም ይኸው ነው።

ገንዘብን ለዚህ ጉዳይ መሣሪያ ማድረግ በ1997 አልተጀመረም። በ1984 ኮንግረስ የመጠጥ መግዣ ዕድሜን 21 ያላደረጉ ክፍላተ ሀገራት ከአውራ ጎዳና በጀታቸው እንዲቀነስባቸው ወሰነ። ባለ 19 ዓመት ወጣት ቀላል ቢራ መግዛት ይችልባት የነበረችው ሳውዝ ዳኮታ ከሰሰች፤ በ1987 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረታች። በ2006 መጨረሻ የወጣው "ስቶፕ አክት" የተባለ ሕግ ደግሞ በተለይ የታዳጊዎችን መጠጥ ለመከላከል የተሰናዳ ነው። ካራመዱት መካከል የካሊፎርኒያዋ ሉሲል ሮይባል አላርድና ፖለቲካ ከመግባታቸው በፊት የነብራስካ ፉትቦል አሠልጣኝ የነበሩት ቶም ኦዝቦርን ይገኛሉ። በዚህ ሕግ የሚሰጠው ድጎማ መጠኑ ያነሰ ነው፤ የሚሰጠውም የድራግ ፍሪ ኮሚዩኒቲስን ድጎማ ለሚያገኙ ወይም አግኝተው ለነበሩ ጥምረቶች ነው።

ውጤቱን በተመለከተ ቁጥሮቹ ተስፋ ይሰጣሉ። በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ዓመታዊ ጥናት፣ ባለፉት 30 ቀናት መጠጥ ቀምሰናል ያሉ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በ1980 ከመቶ 72 ነበሩ፤ በ2023 ወደ 24 ወርደዋል። ይህን ሁሉ ለጥምረቶቹ መስጠት ትክክል አይሆንም፤ የዕድሜው ሕግም አለበት፣ የወጣቱ ኑሮ መለወጥም አለበት። አሁንም ግን ከመጠን ያለፈ መጠጥ በየዓመቱ 21 ዓመት ያልሞላቸው 4,000 ያህል ሰዎችን በአሜሪካ ይገድላል።

እያንዳንዱ ጥምረት የራሱን ልጆች በየሁለት ዓመቱ አራት ነገር ይጠይቃል፤ ባለፈው ወር መጠቀም አለመጠቀማቸውን፣ ጉዳቱን እንዴት እንደሚያዩት፣ ወላጆቻቸው ስህተት ነው ይሉ እንደሆነ፣ ጓደኞቻቸውስ። እኔን የሚይዘኝ ሦስተኛው ነው። ብዙዎቻችን ያደግነው በዓውደ ዓመት ለልጅ ቅራሪ በሚቀዳበት ቤት ነው፤ በፍቅር ነበር የሚቀዳው። ዛሬ አገር ቤትም ቢሆን በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ መሸጥን ከልክሏል፣ የመጠጥ ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውጥቷል። በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ የሚያድግ ልጅ "ወላጆችህ ምን ይላሉ?" ተብሎ ወረቀት ሲሰጠው የሚሞላው እኛ አፍ አውጥተን የነገርነውን ብቻ ነው። ዝምታችንን እንደ ፈቃድ ቢቆጥረው ምን ይደንቃል?

ለዚህ ነው ከአሥራ ሁለቱ ወንበሮች ቢያንስ በሦስቱ ላይ የእኛን ሰው ማየት የምመኘው፤ በነጋዴው፣ በሃይማኖቱና በወላጁ። አብዛኛው ጥምረት ስብሰባው ክፍት ነው። የአሥረኛ ክፍል ልጇን ከትምህርት ቤት ይዛ በዚያው ወደ ስብሰባው የገባች እናት ማስታወሻዋን በአማርኛ ብትይዝም፣ ስትወጣ በፊርማ መዝገቡ ላይ ስሟን ታሰፍራለች፤ አስተባባሪዋም የእናትየዋን ሁለት ሰዓት በመዋጮው ዓምድ ውስጥ ትመዘግበዋለች።