የፓምፕ ሞተር ምልክት ሲሳሳት ስለሚደረግ ምርመራ



የካ አባዶን በመሰለ ከእንጦጦ ተራሮች አጠገብ ባለ ደጋ አገር፥ ውኃን ወደ ከፍተኛው ማጠራቀሚያ የሚያወጣው ፓምፕና ሞተር ነው። የሞተሩን ፍጥነት የሚገዛው መሣሪያ ድራይቭ ይባላል፤ እርሱም የፍጥነቱን ልክ በቀጭን ሽቦ ወደ መቈጣጠሪያው ሰሌዳ ይልካል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር ነው፤ 4 ሞተሩ መቆሙን፥ 20 በሙሉ ፍጥነት መዞሩን ያመለክታል። ሙሉው ፍጥነት 50 ኸርዝ እንደ ሆነ፥ በ25 ኸርዝ 12 ሚሊአምፔር ሊነበብ ይገባል።

ሞተሩ እየዞረ ሰሌዳው ዜሮ ቢያሳይ፥ ድራይቩ ተበላሽቷል ብሎ ፈርዶ በብዙ ገንዘብ አዲስ መግዛት አይገባም። ሕዝቡም እስኪመጣ ድረስ ውኃ ያጣል። ይልቁንስ ባለሙያው እንዲህ ይመርምር።

፩ኛ፤ የምልክቱን ሽቦ ከድራይቩ ፈትቶ መለኪያውን በዚያው ያግባ። ልኩ ትክክል ከሆነ ጥፋቱ በሽቦው ወይም በሰሌዳው ነው።

፪ኛ፤ ልኩ ካልተገኘ፥ ምልክቱ በአምፔር ፈንታ በቮልት እንዲወጣ ተመድቦ እንደ ሆነ ይመልከት።

፫ኛ፤ ድራይቩ ከ0 እስከ 20 እየላከ ሰሌዳው ከ4 እስከ 20 የሚጠብቅ ከሆነ፥ ግማሹ ፍጥነት 37.5 በመቶ መስሎ ይታያል፤ ስለዚህ ሁለቱን ያስማማ።

፬ኛ፤ ምልክቱ የሚዋልል ከሆነ ሽቦውን ከሞተሩ ገመድ ያርቅ።

ድራይቩ ከመከፈቱ አስቀድሞ ኀይሉ ይቋረጥ፤ በውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላልና በመመሪያው የታዘዘው ደቂቃ ይጠበቅ። የተለካውም ሁሉ በመዝገብ ይጻፍ።