ዜግነት የቀየረ ሰው በትውልድ አገሩ ጠባቂው ማን ነው?

አንድ ሰው በውጭ አገር ሲበደል የዜግነቱ መንግሥት ስለ እሱ ቆሞ የመከራከር፣ ማብራሪያና ካሣ የመጠየቅ መብት አለው። ዲፕሎማሲያዊ ጥበቃ የሚባለው ይህ ነው። ጥበቃው ክፉኛ የሚፈተነው ግን ሰውየውን «ውጣ» የሚለው አገር የተወለደበት አገር ሲሆን ነው። ጥበቃው መባረርን ሁልጊዜ አያስቀርም፤ ሰው ያለ ምክንያት፣ ያለ በቂ ጊዜ፣ ንብረቱን በትኖ እንዳይባረር ግን ይከላከላል። ይህ ደግሞ ዜግነትን በኋላ ላገኘ ሰው የሚቀነስበት ምክንያት የለም።

ነገሩ ጎልቶ የታየው በ19ኛው መቶ ዘመን በጀርመንና በአሜሪካ መካከል ነው። ለውትድርና ሳይጠራ ከፕሩሲያ የወጣ ወጣት አሜሪካ ገብቶ ዜግነት ይወስዳል፤ ዘመድ ሊጠይቅ ሲመለስ ግን ግዳጁን ሳይወጣ እንደጠፋ ሰው ይያዛል። በ1868 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው መልእክተኛ ጆርጅ ባንክሮፍት በርሊን ላይ ከሰሜን ጀርመን ኮንፌዴሬሽን ጋር ውል ተፈራረመ፤ አምስት ዓመት አሜሪካ ኖሮ ዜግነት የወሰደ ሰው አሜሪካዊ ሆኖ እንዲቆጠር ተስማሙ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ኮንግረስ ዜግነት የተሰጠው ሰው ውጭ አገር ሳለ ከተወላጁ እኩል እንዲጠበቅ ደነገገ። ውሉ ግን መባረርን አልከለከለም። በ1880ዎቹ የጀርመን ባለሥልጣናት አሜሪካዊነቱን ተቀብለው፣ «እንግዲያው የውጭ ሰው ነህ» እያሉ ማስወጣት ጀመሩ። ሰውየው ወላጆቹ ቤት አርፎ ሳለ ከፖሊስ የመውጫ ትእዛዝ ይደርሰዋል። የአሜሪካ ሌጋሲዮን (የዲፕሎማሲ ጽሕፈት ቤት) ፓስፖርቱንና የዜግነት ወረቀቱን መርምሮ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ይጽፍለታል፤ ጥፋቱ ምን እንደሆነ ይጠይቃል፣ ትእዛዙ እንዲዘገይ ያመለክታል። ዋሽንግተን የውጭ ሰውን የማስወጣት ሥልጣን የጀርመን መሆኑን አልካደችም። ክርክሯ ዜግነት መቀየር ብቻውን ጥፋት ሊሆን አይገባም የሚል ነበር።

የጀርመኖቹ ቅሬታም ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የጎረቤት ልጅ በጦር ሠፈር ዓመታት ሲያሳልፍ፣ ሌላው በባዕድ ባንዲራ ተከልሎ እዚያው መንደር ቢኖር ቅር ያሰኛል። ለዚህ ግን ውሉ ራሱ መልስ ነበረው፦ ተመልሶ ከሁለት ዓመት በላይ የተቀመጠ ሰው አሜሪካዊነቱን እንደተወ ሊቆጠር ይችላል። ሊሰፍር የመጣውን ሊጠይቅ ከመጣው የሚለይ ሚዛን እያለ፣ ለጥየቃ የመጣውን ሳይሰሙ ማስወጣት ፍትሕ አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ ከሕግ የሚነሣ ነው። የ1930 የሄግ ስምምነት አንድ መንግሥት ሰውየው ዜግነቱን በያዘበት በሌላው መንግሥት ላይ ጥበቃ ሊሰጠው እንደማይችል ይናገራል። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽን ግን በ2006 ባወጣው ረቂቅ፣ የሚያመዝነው ዜግነት ጠያቂው መንግሥት የሰጠው ከሆነ ጥበቃውን ፈቅዷል። ይህ ይበልጥ ሚዛናዊ ነው፤ ቤቱ፣ ሥራውና ልጆቹ ያሉበት አገር ስለ እሱ ካልተናገረ ማን ይናገርለታል? ከዚህም ሌላ የ1966ቱ የሲቪልና ፖለቲካዊ መብቶች ቃል ኪዳን፣ በሕጋዊ መንገድ የገባ የውጭ ሰው በሕግ በተሰጠ ውሳኔ ካልሆነ እንዳይባረርና አስገዳጅ የደኅንነት ምክንያት ከሌለ መቃወሚያውን እንዲያሰማ ያዝዛል።

ይህ ለእኛም ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 (2003 እ.ኤ.አ.) መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ስለዚህ የሄጉ መሰናክል እሱን አይመለከተውም፤ አዲሱ መንግሥቱ ሊከራከርለት ይችላል። የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ ያለ ቪዛ የመግባት፣ ያለ ፈቃድ የመኖርና የመሥራት መብት ቢሰጥም ዜግነትን አይመልስም። እንግዲህ ዜግነት ቀይራችሁ ለረጅም ጊዜ ወደ አገር ቤት የምትመለሱ፣ የዜግነት ወረቀታችሁን ቅጂ ከፓስፖርታችሁ ለይታችሁ አስቀምጡ፣ የኤምባሲያችሁን አድራሻም ለቤተሰብ ስጡ፤ የመውጫ ትእዛዝ ከደረሳችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁና በዚያው ቀን ለቆንስላው አሳውቁ።