ቅዝቃዜ የማይበግረው፣ ፀሐይ የሚያደክመው ፕላስቲክ

በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ፣ ጥር ሲገባ በረዶው መንገዱንና ጣሪያውን ይሸፍናል፤ የሙቀት መለኪያውም ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያመለክትበት ቀን አለ። በእንዲህ ያለው ቀን ብርሃን አሳላፊ የሆነ ርካሽ የፕላስቲክ ብርጭቆ ከእጅ ቢያመልጥ እንደ መስታወት ይሰባበራል። በወጥ ቤት የቆመው የፍሪጅ ነጭ የውስጥ ግድግዳ ግን ዓመቱን ሙሉ ቅዝቃዜ ተሸክሞ፣ ድስትና ጠርሙስ እየተጋጨው ሳይሰነጠቅ ይኖራል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ፖሊስታይሪን ከተባለው አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው በሁለተኛው ውስጥ የተሰወረው ጥቂት ጎማ ነው።

ከዛፍ ሙጫ የተነሣ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1839 ኤድዋርድ ሲሞን የተባለ የበርሊን መድኃኒት ቀማሚ፣ ስቶራክስ ከሚባለው መዓዛማ የዛፍ ሙጫ ዘይት መሰል ፈሳሽ አጣርቶ አወጣ። ፈሳሹ ውሎ ሲያድር እየወፈረ ረጋ፤ ሲሞንም ከአየር ጋር ተዋሕዶ የተለወጠ መሰለው። ምስጢሩ የተገለጠው በ20ኛው ምዕተ ዓመት ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ኸርማን ሽታውዲንገር፣ ትንንሽ ሞለኪዩሎች እንደ ዶቃ ተሰካክተው ረጅም ሰንሰለት እንደሚሠሩ ባስረዳ ጊዜ ነው። ሽታውዲንገር በዚህ መስክ ላደረገው ምርምር በ1953 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ከስታይሪን ሞለኪዩሎች የተሠራው ሰንሰለት፣ ማለትም ፖሊስታይሪን፣ ርካሽ፣ ደረቅና የጠራ ነው። ነገር ግን እስከ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ድረስ ሰንሰለቶቹ እንደ መስታወት ደርቀው ስለሚቆዩ፣ ድንገት ሲመታ ጉልበቱን የሚያበርድበት መንገድ የለውም። አንዲት ስንጥቅ ከተጀመረች ያለ ከልካይ ከዳር እስከ ዳር ትሮጣለች። ለዚህ ድክመት መፍትሔ ካቀረቡት ቀደምት ሰዎች አንዱ የሩሲያ ተወላጁ ኢቫን ኦስትሮሚስሌንስኪ ሲሆን፣ ጎማን በፈሳሽ ስታይሪን ውስጥ አሟሙቶ ፕላስቲኩን የመሥራት ዘዴውን በ1927 በፓተንት አስመዘገበ። ዘዴው በፋብሪካ ደረጃ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ምርቱም ዛሬ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ሂፕስ ተብሎ ይታወቃል።

ጎማው ምን ይሠራል?

በተለምዶ የሚጨመረው ፖሊቡታዳይን የተባለ ሰው ሠራሽ ጎማ ነው፤ መጠኑም አብዛኛውን ጊዜ ከጠቅላላው ክብደት ከ10 በመቶ አይበልጥም። ስታይሪኑ እየተማሰለ ወደ ፕላስቲክ ሲለወጥ፣ ጎማው ተለይቶ ጥቃቅን እንክብሎች ሆኖ ይበተናል። የእያንዳንዱ እንክብል ስፋት የአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ሺኛ ክፍል ነው። በዚሁ ሂደት አንዳንድ የስታይሪን ሰንሰለቶች በጎማው ላይ እንደ ችግኝ ይዳቀላሉ። ይህ ቁርኝት ወሳኝ ነው፤ የተዘጋጀ ጎማንና የተዘጋጀ ፖሊስታይሪንን ዝም ብሎ ማደባለቅ ያን ያህል አያጠነክርም፤ ሁለቱ እንደ ውሃና ዘይት ይለያያሉና።

ፕላስቲኩ ሲመታ ኃይሉ በእንክብሎቹ ዙሪያ ይከማቻል። በዚያም እጅግ ብዙ ጥቃቅን ስንጥቅ መሰል መስመሮች ይወለዳሉ። እነዚህ መስመሮች ባዶ ክፍተት አይደሉም፤ በውስጣቸው ተለጥጠው የቆሙ ቀጫጭን የፕላስቲክ ክሮች አሉ። የምቱ ጉልበት በእነዚህ ሁሉ ላይ ይከፋፈላል፤ መስመሩም ሌላ የጎማ እንክብል ሲያገኝ ይገታል። አንድ ትልቅ ስብራት በሺህ ጥቃቅን ቁስሎች ተተካ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ፕላስቲክ ሲታጠፍ ነጭ መስመር የሚያወጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

ፖሊቡታዳይን ለኦስሎ ክረምትም ሆነ ለፍሪጅ በረዶ ቤት የተስማማ ነው። እንደ አሠራሩ ቢለያይም፣ ይህ ጎማ የሚደርቀው ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ወደ 80 ዲግሪና ከዚያም በታች ሲወርድ ነው። የቤት ማቀዝቀዣ ከሚሠራበት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ይህ እጅግ የራቀ ነው።

ያተረፈውና ያጣው

ጥንካሬው ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም። እንክብሎቹ ብርሃንን ስለሚበትኑ ጥራቱ ይጠፋል፤ ግትርነቱም ይቀንሳል። የፈላ ነገር ያለሰልሰዋል። ጎማው ደግሞ ለፀሐይ ብርሃንና ለኦክስጅን ተጋላጭ ነው፤ ደጅ የተተወ ዕቃ እየቢጫ ሄዶ ይሰባበራል። ስለዚህ የኦስሎን ብርድ የቻለ ዕቃ በአዲስ አበባ ፀሐይ ላይ ሊሸነፍ ይችላል። ሌላው ጠላቱ ቅባት ነው፤ ቅቤና የምግብ ዘይት በተወጠረ ቦታ ላይ ሲቆዩ ስንጥቅ ያፋጥናሉ። በፍሪጅ ግድግዳ ላይ የፈሰሰ ዘይት ወዲያው መጠረግ ያለበት ስለዚህ ነው።

የቅርብ ዘመዱ ኤቢኤስ፣ አክሪሎናይትራይል የተባለ ውሕድ ስለሚጨመርበት ቅባትን ይበልጥ ይቋቋማል። የዴንማርኩ ሌጎ የመጫወቻ ጡቦቹን ከ1963 ጀምሮ የሚሠራው በእርሱ ነው።

ከአገልግሎት በኋላ

የኦስሎ ነዋሪዎች የፕላስቲክ ማሸጊያን በተለየ ቀለም ከረጢት ለይተው ይጥላሉ፤ የከተማዋ መለያ ጣቢያዎችም ከረጢቶቹን በቀለማቸው በካሜራ ይለያሉ። ፕላስቲኮቹን እርስ በርስ መለየት ግን ሌላ ብልሃት ይጠይቃል። በ1972 በኦስሎ አቅራቢያ በአስከር የተመሠረተው ቶምራ ከሚሠራቸው ማሽኖች መካከል፣ ዓይን የማያየውን ለቀይ የቀረበ ጨረር አብርተው እያንዳንዱን ፕላስቲክ በሚመልሰው ብርሃን የሚለዩ ይገኙበታል። ችግሩ በጥላሸት የጠቆረ ፕላስቲክ ጨረሩን ውጦ ማስቀረቱ ነው፤ ለተለመደው ማሽን እንደሌለ ይቆጠራል። ያልተለየው አብዛኛውን ጊዜ ዕጣው መቃጠል ነው።

ያረጀ ፍሪጅ በከረጢት አይስተናገድም። የኖርዌይ ሕግ ተመሳሳይ ዕቃ የሚሸጡ መደብሮች አሮጌውን ያለ ክፍያ እንዲረከቡ ያስገድዳል። ነጩ የፍሪጅ ግድግዳ ንጹሕ ሆኖ ከተለየ ተፈጭቶና ቀልጦ እንደገና ሊሠራ ይችላል፤ ከሌሎች ፕላስቲኮች ጋር ከተደባለቀ ግን ያ በጥንቃቄ የተገነባ ጥንካሬ ይጠፋል። ጎማና ፕላስቲክን በፋብሪካ ማዋሐድ የአንድ ዘመን ብልሃት ነበር፤ ከአገልግሎት በኋላ ሳይቀላቀል መመለሱ ግን ከእያንዳንዱ ቤት ይጀምራል።